መርከቡ ወደ እኛ አይመጣም

ከሴራሊዮን ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ መሐል ሜዳ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ የትም ብሄድ ይጠይቁኛል። "ሲስተር፣ ያ በነፃ የሚያክመው መርከብ ወደ እኛ አይመጣም?"

አይመጣም። መርከቡ የሚያክመው ወደብ ላይ ታስሮ ነው። እኛ ደግሞ ኤርትራ ከተለየች ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ ወደብ የለንም። እኔ ወደ እሱ ሄጄ ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. አገልግዬ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ መሄድ የሚፈልግ የጤና ባለሙያ ነው። ሌላው ቤቱ ውስጥ ሰው የደበቀ ቤተሰብ ነው። ለሁለተኛው ይበልጥ እቸኩላለሁ።

ስለ ጎረቤታችን ልጅ ልጀምር። ያደግኩት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሥር ይከናነባል። ገበሬው፣ እረኛው፣ ቄሱ፣ ሁሉም። ስለዚህ መንዝ ውስጥ አፉን የሸፈነ ሰው "ለምን ሸፈንክ?" ተብሎ አይጠየቅም። የጎረቤታችን ልጅ በዚያ ጋቢ ውስጥ አደገ። ሲወለድ ጀምሮ የላይኛው ከንፈሩ እስከ አፍንጫው የተሰነጠቀ ነበር። ስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ወንድምዓለም እለዋለሁ። ፀሐዩ ሲከር እንኳ ጋቢውን አያወርድም። እንግዳ ሲመጣ ከጎታው ኋላ ይገባል። ትምህርት ቤት ሁለት ቀን ሄዶ ቀረ። ሰርግ ቤት ሰው ፊት እህል ቀምሶ አያውቅም።

እኛ ልጆቹ ለምደነው ነበር። ይታከማል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ ደብረ ብርሃን ተቀጠርኩ። ስምንት ዓመት ኦፕሬሽን ክፍል ሠራሁ። በየበዓሉ ቤት ስሄድ አየዋለሁ፣ እስመዋለሁ፣ እመለሳለሁ። አልጠየቅኩም። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ስለ መርከቡ የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነው። ድርጅቱ ሜርሲ ሺፕስ ይባላል፣ የምሕረት መርከቦች እንደ ማለት ነው። ዶን ስቲቨንስና ባለቤታቸው ዴዮን እ.ኤ.አ. በ1978 የጀመሩት የክርስቲያኖች ድርጅት ነው። የመጀመሪያዋን መርከብ፣ አሮጌ የጣሊያን የመንገደኞች መርከብ፣ አናስታሲስ አሏት። በግሪክኛ ትንሣኤ ማለት ነው። ስሙን ስሰማ ልቤ ተነካ።

ለእናቴ መንገር ከባድ ነበር። እማዬ የኪዳነ ምሕረት ወዳጅ ናት፤ ወር በገባ በ16 ዝክሯን አታጓድልም። እኔ ደግሞ ተማሪ ሳለሁ ወደ ወንጌላውያን ሄድኩ። ይህ በመካከላችን የተወው ቁስል አለ። ሚስዮናዊ የሚለው ቃል ራሱ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ክራፕፍ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ ነበር። ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ ቃሉን ጥርጣሬ ያጅበዋል። እማዬም ቀጥ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሃይማኖት ልታስለውጪ ነው የምትሄጂው?"

"አይደለም እማ። ቁስል ላጥብ ነው።"

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "ቁስል ማጠብማ ጽድቅ ነው" አለች። ከዚያ በሶና ቆሎ አዘጋጀችልኝ። ጋቢም ጨመረች። እዚያ ሙቀት ነው ብላት አልሰማችኝም።

አሁን መሄድ ለምትፈልጉ። ደሞዝ የለም። ቀዶ ሐኪሙም፣ ምግብ አብሳዩም፣ የሞተር ክፍል ሠራተኛውም በጎ ፈቃደኛ ነው። ለመኝታና ለምግብ የሚከፈል ካለ ስታመለክቱ ጠይቁ። ቲኬቱም ከራስ ነው። እኔ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወሰድኩ። ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፣ እሱን አዋልኩት። የቀረውን የሥራ ባልደረቦቼና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዋጡልኝ። ሰው መለመን እንደማይሆንልኝ አስብ ነበር። ጠይቁ። ራሱ መሄድ የማይችል ሰው ሌላውን መላክ ደስ ይለዋል።

ደላላ አትጠጉ። አዲስ አበባ አንድ ሰው የመርከቡ ወኪል ነኝ ብሎ ለፎርም ማስሞያ ገንዘብ ወሰደብኝ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን የፓስፖርቴ ጊዜ ሊያልቅ ትንሽ እንደቀረው አየሁ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ወኪል የሚባል ነገር ጭራሽ አያስፈልግም። ማመልከቻው በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በራሳችሁ ስም ይሞላል። የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ ከአለቃችሁና ከቤተ ክርስቲያን መሪያችሁ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የጤና ምርመራና የክትባት ወረቀት አዘጋጁ። ገና እንደተመረቃችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ዋርድ ላይ በቂ ልምድ ያዙ። የቢጫ ወባ ካርድ ሴራሊዮን ለመግባት ግዴታ ነው። የወባ መከላከያ ክኒንም አትርሱ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሰውነታችን ወባን አልተለማመደም። እንግሊዝኛ ደግሞ ማንበብ ብቻ አይበቃም። የፈረቃ ርክክብ በቃል ስለሆነ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። እኔ ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ።

የፍሪታውን አየር ማረፊያ ሉንጊ ይባላል። ከከተማው የሚለየው ሰፊ ውሃ አለ፤ መንገደኛው በጀልባ ይሻገራል። እኔ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ጨለማ ነበር፣ ውሃው ይማታል። ከአፌ የወጣው "ኪዳነ ምሕረት!" የሚለው የእማዬ ቃል ነው። ማዶ ስደርስ እያለቀስኩ ነበር።

ያገለገልኩበት መርከብ ግሎባል ሜርሲ ይባላል፤ ቻይና፣ ቲያንጂን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የተረከቡት ነው። ርዝመቱ 174 ሜትር ነው። 12 ወለሎችና ስድስት የኦፕሬሽን ክፍሎች አሉት። ሥሩ ቆሜ ቀና ስል ተራራ የቆመብኝ መሰለኝ። ብዙ ሰው ባሕሩ ያጥወለውለኛል ብሎ ይፈራል። በአገልግሎት ወራት መርከቡ አይጓዝም። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ሲል ገመዱ ይወጠራል፣ አንዳንዴ ወለሉ ትንሽ ሲያዘምም ይታወቃችኋል፣ በቃ። ያልጠበቅኩት ብርዱን ነው። ውስጡ አየር ማቀዝቀዣ ቀን ከሌት ይሠራል። የእማዬን ጋቢ በመጀመሪያው ሌሊት አወጣሁት።

ሥራው የምታውቁት ሥራ ነው። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ብዙ ወጣት ነርሶች ተአምር የሚሠራበት ቦታ ይመስላቸዋል። ርክክብ ትወስዳላችሁ። ግፊትና ሙቀት ትለካላችሁ። ፋሻ ትፈታላችሁ፣ ቁስል ታጥባላችሁ፣ መድኃኒት ትሰጣላችሁ። አስታማሚው የሚተኛው ከታካሚው አልጋ ሥር በሚዘረጋ ፍራሽ ነው። እኛ አገር ለሠራ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ፈረንጆቹ ባልደረቦቼ ግን ለመልመድ ጊዜ ወሰደባቸው። ቋንቋው ክሪዮ፣ ቴምኔና ሜንዴ ስለሆነ የአገሩ ተወላጅ አስተርጓሚዎች ከጎናችሁ አሉ። እነሱን አክብሩ። ታካሚው የሚፈራውን ነገር ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። "ሃው ዲ ቦዲ?" የሚለውን ሰላምታ በመጀመሪያው ቀን ተማሩ። ሰውነትህ እንዴት ነው ማለት ነው። በኛም "ጤና ይስጥልኝ" እንደሚባለው ሰላምታቸው ከጤና ይጀምራል። ወደድኩት።

አንዲት እናት ልንገራችሁ። ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ ገባች። ውጭው ወበቅ ነው፣ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ነው። መንዝ ቢሆን አላስተውላትም ነበር። እዚያ ግን ወዲያው ገባኝ። ከሻሹ ሥር ከታችኛው መንጋጋዋ የወጣ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል እጢ ነበር። አሜሎብላስቶማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ግን ማደጉን አያቆምም። አፍ ይሞላል፣ መብላት ይከለክላል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይዘጋል። ባቄላ እያከለ ሳለ ቢታይ ኖሮ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነበር።

አልጋዋን አሳየኋት። ቆማ ክፍሉን ዞራ አየች። አንዱ ግንባሩ ላይ እብጠት አለው። ሌላዋ በቃጠሎ አገጯ ከደረቷ ተጣብቋል። አንድ ሕፃን ከንፈሩ እንደ ወንድምዓለም ነው። አንዳቸውም ፊታቸውን አልሸፈኑም። ካርታ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሻሹን ፈታች። ቢላዋ ገና አልነካትም። ማደንዘዣ አልወሰደችም። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መልሳ አልጠቀለለችውም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማስበው ጎታውን ነበር። ከጎታው ኋላ የሚቆመውን ሰው ነበር።

ስለ ደሙ ደግሞ ልንገራችሁ። መርከቡ ላይ የደም ባንኩ ሠራተኛው ራሱ ነው። የደም ዓይነታችን ተመዝግቧል። ደም ሲያስፈልግ ተጠርተን እንሄዳለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ከክንዴ የወጣው ደም ሙቀቱ ሳይለቀው ኦፕሬሽን ክፍል ገባ። ታካሚዋ ሙስሊም እናት ነበረች፣ ሴራሊዮን አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ማንም ስለ ሃይማኖቷ አልጠየቃትም። ጸሎት አለ፣ መዝሙር አለ፣ የመጣው ይመጣል፣ ያልፈለገ ይተኛል። ሕክምናው ግን ለሁሉም ያው ነው። እማዬ ለጠየቀችኝ ጥያቄ ሙሉ መልሱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ክርስቶስን የማገለግለው ፋሻ ስፈታ ነው። ሌላ የምሰብከው ነገር አልነበረኝም።

ከባዱን ሳልናገር አላልፍም። ሁሉም አይታከምም። ሰው ከሩቅ ወረዳ በእግርና በመኪና መጥቶ ይሰለፋል። ከእነዚያ መካከል መርከቡ ሊረዳቸው የማይችል አሉ። የተሰራጨ ካንሰር ያለው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የዓመታት ክትትል የሚፈልግ። "አንችልም" ማለት የአንድ ሰው ሥራ ነው። አንድ ቀን እኔ አጠገብ ቆሜ ነበር። አባትየው ልጁን አቅፎ ሰማ። አልጮኸም። "ቴንኪ" ብሎ አመሰገነን። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ለመሄድ የምታስቡ ለዚህ ቀን ልባችሁን አዘጋጁ። ብቻችሁን አትሸከሙት። ከፈረቃ በኋላ ከሰው ጋር ቁጭ በሉ፣ አልቅሱ፣ ጸልዩ።

ታኅሣሥ 29 ገናን አከበርኩ። ፈረንጆቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ጨርሰዋል። ጀበና ይዤ ነበር። ቡና አፈላሁ፣ የእማዬን ቆሎ አቀረብኩ። ጭሱ የእሳት ማንቂያውን እንዳያስነሳ ዕጣን አላጨስኩም። ያለ ዕጣንም ቤት ቤት ሸተተኝ።

በየካቲት ተመለስኩ። በሳምንቱ መንዝ ወጣሁ። ወንድምዓለም ከብት እያስገባ አገኘሁት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ጋቢውን ሳያወርድ ሰማኝ።

"አርባ ሊሞላኝ ነው እኮ፣ እታለም። ከእንግዲህ ማን ሊያየኝ ብለሽ ነው?"

ከእሱ የሚበልጡ ሰዎች ሲታከሙ አይቻለሁ አልኩት። አላመነኝም። በማግስቱ እማዬ ራሷ ሄደች። ምን እንዳለችው ኋላ ነው የሰማሁት። "ልጄ ሰው አገር ሄዳ ቁስል ስታጥብ የእኛ ደጅ ሊቀር ነው? እኔን ስትል ተነስ።" ተነሳ።

መንገዱን እንዳለ ልናገር፣ ለሌላው ይጠቅማል። ከጤና ጣቢያ ጀመርን። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርዱ ታድሶ ስለነበር ሪፈር አጻፍን። ከጤና ጣቢያው ሳትጀምሩ ዘልላችሁ አትሂዱ፣ መድኑ የሚሠራው በሪፈር ሰንሰለት ነው። አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ደረስን። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶን ተመለስን። በሁለተኛው ጊዜ ወንድምዓለም "ይቅር" አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቀረው። በሕክምናው ሳይሆን በመመላለሱ ነው የሚሸነፈው። አብሮት የሚሄድ ሰው ካለው ግን ይደርሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ከኦፕሬሽን ክፍል ቶሎ ወጣ። ዘመን ሙሉ የተደበቀበት ነገር አንድ ጠዋት እንኳ ሙሉ አልፈጀም።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ካላችሁ አርባ ዓመት አትጠብቁ። እርግማን አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ከንፈሩ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ በስፌት ይገጠማል። ላንቃውም ከተከፈተ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ይጠገናል። እስከዚያ ትልቁ ጉዳይ መመገቡ ነው። ጡት መያዝ ካቃተው ወተቱን አልባችሁ ቀና አድርጋችሁ በማንኪያ ወይም በሲኒ ቀስ እያላችሁ ስጡት። የልጃችሁ ድድ ከቆሰለ፣ አፉ ክፉ ከሸተተ፣ ጉንጩ ማበጥ ከጀመረ፣ በተለይ ኩፍኝ ይዞት ከነበረ ወይም ከስቶ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ኖማ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይቆማል። ከተተወ ፊት ይበላል፣ ይገድላል።

በወሊድ ተጎድታ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት እህት ካለች ደግሞ፣ ይህ ፊስቱላ ነው፣ ይጠገናል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት ውል ነበር የመጡት። ካትሪን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2020፣ እዚሁ ቆዩ። አዲስ አበባ ያቋቋሙት የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ባሕር ዳርም ማዕከል አለው። ለቃጠሎና ለፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ለዓይን ሞራ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ለሕፃናት ቆልማማ እግር ኪዩር ሆስፒታል አሉ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቋት፣ ታውቃለች። ካላወቀች አብራችሁ ጠይቁ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳለው፣ በዓለም 5 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ አቅሙ የሚፈቅድለት ቀዶ ሕክምና አያገኝም። ከእነሱ አንዱ ከቤታችን አጥር ማዶ ነበር።

ስፌቱ እስኪወጣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቆየን። ከዚያ ወደ አገር ቤት ተሳፈርን። ጣርማ በር ስንደርስ እንደ ወትሮው ጉም ነበር። ነፋሱ በመስኮቱ ይገባል። አውቶብሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። የወንድምዓለም ቁስል ገና ለጋ ነበር።

"ሸፍነው እንጂ፣ ይበርድሃል" አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ "ትንሽ ቆዪ፣ እታለም" አለኝ።